ማርና ስኳር እያለ ንቡ ለምን ይሄዳል? ከክረምት በፊት ለንብ ስለሚሰጥ የፕሮቲን ምግብ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ባሶና ወራና ነው። ስምንት ዘመናዊ ቀፎ ነበረኝ። በየዓመቱ ሰኔ ላይ በሶ በሳህን፣ የስኳር ብጥብጥ ደግሞ በመመገቢያ እሰጣለሁ። አምና ነሐሴ ላይ ሁለቱ ጥለው ሄዱ። ስከፍተው ብጥብጡ አላለቀም፣ ዳር ያለው የማር እንጀራም አልተነካም። የቀሩት ስድስቱም መስከረም ላይ አደይ ሲፈነዳ ለመቅሰም አቅም አልነበራቸውም። ፕሮቲን ስጣቸው ተባልኩ። ምን ልስጥ? ስንት? መቼ? ባዶ በቀሩት ሁለት ቀፎዎችስ አሁን ግንቦት ላይ መንጋ ላስገባባቸው?»

መልስ፦ ከጻፉት ውስጥ ትልቁ ፍንጭ ያልተነካው ማርና የተረፈው ስኳር ነው። ጉንዳን ወይም የሰም ብል አስለቅቋቸው ካልሆነ በቀር እነዚህ ንቦች የሄዱት ርቧቸው አይደለም። የጎደላቸው ልጅ የሚያሳድጉበት ምግብ ነው። የሀገራችን ንብ ደግሞ እጭ ማሳደግ ሲያቅተው እንደ ፈረንጅ ንብ ቀፎው ውስጥ ቁጭ ብሎ አይመነምንም፤ ጥሎ ይሄዳል። ስለዚህ የነገሩዎት ሰው አልተሳሳተም። ግን ሰኔ ላይ አንድ ጊዜ ጣል አድርጎ መተው ብዙ አይረዳም፣ አንዳንዴም ይጎዳል። ከክረምት በፊት የሚሰጠውና ክረምቱ ሊወጣ ሲል የሚሰጠው ሥራቸው ለየቅል ነው። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ሁለቱን አንድ አድርጎ በማየቱ ነው።

ንብ ከማርና ከስኳር የምታገኘው ጉልበት ነው፤ ለመብረር፣ ለመሞቅ፣ ሰም ለመሥራት። ሰውነቷን የምትገነባውና እጭ የምታሳድገው ግን በአበባ ዱቄት፣ ማለትም በጽጌ ብናኝ ነው። ከተፈለፈሉ አምስት ቀን ገደማ ያለፋቸው ወጣት ንቦች ጽጌ ብናኙን በልተው ጭንቅላታቸው ውስጥ ካሉት እጢዎች ነጭ ወተት ያመነጫሉ። እጩንም ንግሥቲቱንም የሚመግቡት በዚህ ወተት ነው። ጽጌ ብናኝ ሲጠፋ መጀመሪያ ከገዛ ሰውነታቸው እያወጡ ይመግባሉ። ያ ሲሟጠጥ ወተቱን ይቀንሳሉ፣ ንግሥቲቱም እንቁላል ታጓድላለች። ቀጥሎ እንቁላሉንና ትንንሹን እጭ መልሰው ይበሉታል። በዚህ መሀል ከታሸገው እጭ የሚፈለፈሉት ንቦች ቀጫጮችና ዕድሜያቸው አጭር ይሆናሉ፤ መስከረም ላይ ያዩት አቅም ማጣት ከዚህ የመጣ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1953 ደ ግሩት የተባለ ተመራማሪ ንብ የግድ ከምግብ ማግኘት ያለባት 10 አሚኖ አሲዶች፣ ማለትም ፕሮቲን የሚገነባባቸው ንጥረ ነገሮች፣ እንዳሉ አሳይቷል። ከአሥሩ አንዱ ካነሰ ዘጠኙ ቢትረፈረፉም የሚጠቅሙት ባነሰው ልክ ነው። የጽጌ ብናኝ ፕሮቲን እንደ አበባው ዓይነት ከ8 እስከ 40 በመቶ ይደርሳል፤ ለንብ ደህና የሚባለው ከ20 በመቶ በላይ ያለው ነው። ባህር ዛፍ ብቻ በከበበው ግቢ ጽጌ ብናኝ እየገባም ቀፎው የማይፋፋበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ የባህር ዛፍ ጽጌ ብናኝ በአብዛኛው አይሶሉሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ያንሰዋል።

ወደ በሶው ልምጣ። በሶ የገብስ ነው፤ የገብስ ፕሮቲን ከ10 እስከ 12 በመቶ ነው፣ የቀረው አብዛኛው ስታርች ነው። ንብ ስታርች በደንብ አይፈጭላትም፣ ሆዷ ውስጥ የሚቀረው እዳሪ ይበዛል። በደጋ ክረምት ደግሞ ለመጸዳዳት የምትወጣበት ቀን ጥቂት ነው። ስለዚህ ቀፎው ውስጥ ትለቃለች፤ ኖዜማ የሚባለው የንብ አንጀት በሽታ ካለም በዚያው ይዛመታል። በሶውን ተሻምተው ሲወስዱ ማየት አያታልልዎት። ጽጌ ብናኝ ሲጠፋ ንቦች ወፍጮ ቤት ሄደው የዱቄት ብናኝ እግራቸው ላይ ጠቅልለው ይመለሳሉ፤ ስለወሰዱት ብቻ ይጠቅማቸዋል ማለት አይደለም። በሶ ጨርሶ አይረባም ማለቴም አይደለም። ጥራጥሬ የሚያንሰው ሜታዮኒን የሚባለው አሚኖ አሲድ ገብስ ውስጥ በመጠኑ ይገኛል፤ ስለዚህ ለሊጡ መያዣ ከደረቁ ዱቄት አሥር እጅ አንዱን እጅ በሶ ማድረግ ይቻላል። ዋና ምግብ ግን አይሆንም።

ሽሮም ብዙ ሰው ይሰጣል። የገበያ ሽሮ ጨው፣ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኮረሪማ አለው። ጨው ንብን ይገድላል። ከክክ የተፈጨ ምንም ያልገባበት ዱቄት ካልሆነ አይንኩት።

ከመመገብዎ በፊት ግን ቀፎውን ይዩ። ግንቦት ላይ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ፣ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በጥቂት ጭስ ከፍተው መሀል ካለው የእጭ ክፍል አንድ ፍሬም ያውጡ። ብርሃኑ ከትከሻዎ በላይ ወደ ጉድጓዶቹ እንዲገባ አድርገው ገና ሦስት አራት ቀን የሆነውን፣ ግማሽ ቀለበት መስሎ የተኛውን እጭ ይፈልጉ። ምግብ የተሟላለት ከሆነ እጩ የሚያብረቀርቅ ነጭ ወተት ላይ ተንሳፍፎ ያዩታል፤ ፍሬሙን ዘንበል ሲያደርጉት ወተቱ ያንጸባርቃል። የጉድጓዱ ወለል ደርቆ እጩ ወለሉ ላይ ተለጥፎ ካዩ ወተት ጠፍቷል ማለት ነው። እንቁላል በብዛት እያለ ትንሽ እጭ ከሌለ ደግሞ እየበሉት ነው። ከዚያ በእጩ ዙሪያ ጽጌ ብናኝ የተጠቀጠቀባቸውን ጉድጓዶች ይዩ። በእጩ አናትና ጎን ሦስት አራት ጣት የሚሆን ባለ ቀለም ቀበቶ ካለ፣ በእግራቸው ብናኝ ይዘው የሚገቡትም ብዙ ከሆኑ ለዚያ ቀፎ አሁን ምንም መስጠት አያስፈልግም፤ ቢሰጡትም አይበላውም። ቀበቶው ከተቆራረጠ ወይም ጨርሶ ከሌለ መስጠት ይጀምሩ። በእኛ ደጋ ይህን የሚወስነው በአብዛኛው በልጉ ነው። በልግ ዘንቦ ማሳና መስኩ ካበበ ንቡ ግንቦትን ቀበቶውን ይዞ ይደርሳል፤ በልግ የቀረ ዓመት ግን ሳይዘገዩ ይክፈቱ።

ስድስቱንም በአንድ ዓይን አይዩ። እያንዳንዱ ቀፎ ለየብቻው ይፈረድበት።

አሁን አሠራሩ። ለአንድ ጊዜ 2 ኪሎ ገደማ ሊጥ የሚወጣው እንዲህ ነው፦ 600 ግራም የተዘጋጀ የአኩሪ አተር ዱቄት፣ 200 ግራም ደረቅ የዳቦ እርሾ፣ 900 ግራም ነጭ ስኳር፣ 350 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ። ፕሮቲኑ ከጠቅላላው 15 በመቶ አካባቢ ይሆናል። በጽጌ ብናኝ ወጥመድ የሰበሰቡት የራስዎ ንቦች ብናኝ ካለ 100 ግራም ይጨምሩበት፤ ሽታው ብቻ እንኳ አወሳሰዳቸውን ይለውጠዋል። የሰው ብናኝ ግን አይግዙ። እጩን አድርቆ እንደ ኖራ የሚያደርገው የሻጋታ በሽታ በሀገራችን አለ፣ ከቀፎ ቀፎ የሚሄደውም በእንዲህ ያለ መንገድ ነው።

አኩሪ አተር ጥሬውን ተፈጭቶ አይሰጥም። ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያደርግ ንጥረ ነገር አለው፤ የሚጠፋውም በሙቀት ነው። ሌሊቱን ዘፍዝፈው ያሳድሩ፣ በማግስቱ ግማሽ ሰዓት ያፍሉት፣ ልጣጩን አሽተው ያውጡ፣ በፀሐይ ያድርቁ፣ ከዚያ ምጣድ ላይ እስኪሸት ድረስ ብቻ አመስ አድርገው ያስፈጩ። ማሳረር የለም፤ ያረረ ፕሮቲን ለንብ አይሆንም። ዱቄቱን በደቃቁ ወንፊት ሁለት ጊዜ ይንፉ። ሻካራው የቀረ እንደሆነ ንቦቹ ስኳሩን ልሰው ፍርፋሪውን እየጎተቱ በር ላይ ይጥሉታል፤ የደከሙበት ፕሮቲን መሬት ላይ ቀረ ማለት ነው። አኩሪ አተር ስብ ስላለው የተፈጨው ቶሎ ይሸታል፤ ለሁለት ሳምንት ከሚበቃ በላይ አያስፈጩ።

አኩሪ አተር ካልተገኘ የተከካ ባቄላ ወይም አተር በተመሳሳይ መንገድ ቀቅለው ያዘጋጁ፤ መጠኑን 700 ግራም ያድርጉት። የባቄላ ፕሮቲን 25 በመቶ አካባቢ ስለሆነ ሊጡ ወደ 13 በመቶ ይወርዳል፤ ከክረምት በፊት ላለው ሥራ ይበቃል። እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥንቃቄ አለ። ብዙ ገበሬ ባቄላውን ለነቀዝ ብሎ ማላታዮን ያለበት ዱቄት ይነሰንስበታል። ማላታዮን ለንብ እጅግ መርዝ ነው፣ መታጠቡም አስተማማኝ አይደለም። ከራስዎ ጎተራ መድኃኒት ያልነካውን ይውሰዱ፤ ከገበያ ከገዙ ሻጩን ሳይጠይቁ አይግዙ።

እርሾው የግድ መሞት አለበት። በሕይወት ያለ እርሾ ሊጡ ውስጥ ስኳሩን እየበላ ያብጣል። በማግስቱ ሲከፍቱት ጠላ ጠላ ይሸታል፣ ንብ ሆድ ውስጥ ገብቶም ይረብሻል። ውሃውን ከእርሾው ጋር በጥብጠው ሰፋ ባለ ድስት፣ ምክንያቱም አረፋው ይገነፍላል፣ እያማሰሉ እስኪፈላ ያድርሱት። ከዚያ በዝግታ እሳት 10 ደቂቃ ያቆዩት። ሲያወርዱት ከስኳሩ ግማሹን በሙቀቱ ያሟሙበት። ቀሪውን ስኳር በሙቀጫ ወይም በመፍጫ አድቅቀው ከዱቄቱ ጋር ደረቁን ያዋህዱ። ፈሳሹ ለብ ሲል በዱቄቱ ላይ በጥቂት በጥቂቱ እያፈሰሱ ያቡኩት። ከእጅ የማይጣበቅ፣ ሲያቆሙት የማይፈስ ጭብጦ ሲመስል በቃ። ዱቄቱ ውሃ እየጠጣ ስለሚሄድ ሸፍነው ያሳድሩትና ጠዋት እንደገና ይዩት፤ ከጠነከረ ሁለት ማንኪያ ለብ ያለ ውሃ፣ ከላላ ስኳር ይጨምሩ። የደረቀ ሊጥ አይበላም፣ የላላው ደግሞ በፍሬሞቹ መሀል ወርዶ ንብ ያጣብቃል።

ስለ ወተት ዱቄትም ይጠየቃል። ሃይዳክ በተባለው ተመራማሪ ስም የሚታወቀው የድሮ አሠራር አኩሪ አተር፣ የቢራ እርሾና ስብ የወጣለት የወተት ዱቄት ሦስት፣ አንድ፣ አንድ እጅ ነበር። በወተት ዱቄት ውስጥ ያለው ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳር ግን ለንብ አይስማማም፤ ብዙ ሲሆን ዕድሜዋን ያሳጥራል። ዋጋውንም ሲያዩት መተው ይሻላል። ደብረ ብርሃን ቅርብ ስለሆነች ለከብት የሚገዛውን የቢራ ፋብሪካ ተረፈ ምርት ለንብ ልስጥ የሚልም አይጠፋም። አይሆንም፤ አብዛኛው የብቅል ገለባ ነው፣ እርጥቡም በሁለት ሦስት ቀን ይሻግታል።

አሰጣጡ ከአሠራሩ ያልተናነሰ ወሳኝ ነው። ወተት የሚያመነጩት ወጣት ንቦች ከእጩ ርቀው አይሄዱም። ስለዚህ ሊጡ የሚቀመጠው በቀጥታ ከእጩ በላይ፣ በእጭ ክፍሉ ፍሬሞች አናት ላይ ነው። አራት ጣት ፈቀቅ ካለ እንኳ ሳይነካ ሊከርም ይችላል። 150 ግራሙን በሁለት ስስ ላስቲክ መሀል አድርገው አንድ ሴንቲ ሜትር ውፍረት እስኪኖረው ይዳምጡት፤ የታችኛውን ላስቲክ ሦስት አራት ቦታ በምላጭ ሰንጥቀው በዚያ ወገን ወደ ታች ያስቀምጡ። የላይኛው ላስቲክ ሊጡን ከመድረቅና ከክዳኑ ከሚንጠባጠበው ላቦት ያድነዋል። በዘመናዊ ቀፎ ፍሬምና ክዳን መሀል ያለው ክፍተት ጠባብ ነው፣ ሊጡን ብቻ ጣል አድርገው ቢከድኑ ንቡን ይጨፈልቃሉ። ከቀፎው አፍ ጋር ልክ የሆነ ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የእንጨት ጠርዝ አሠርተው በመሀል ያስገቡ። ሽግግር ቀፎ (በፍሬም ፈንታ አጣና የተደረደረበት) ያለው ጎረቤት ካለዎት እሱ ከላይ ማስቀመጥ አይችልም፤ አጣናዎቹ እርስ በርስ ስለሚገጥሙ ከመጨረሻው እንጀራ ጎን ወለሉ ላይ፣ በባህላዊ ቀፎም በኋላ በኩል በቅጠል ላይ አድርጎ ወደ እጩ ያስጠጋው።

መጠኑ አምስት ፍሬም ለሸፈነ ህብረ ንብ በሳምንት ከ100 እስከ 150 ግራም፣ ስምንትና ከዚያ በላይ ለሸፈነ ከ200 እስከ 250 ግራም ነው። የውጭ መጻሕፍት ግማሽ ኪሎ በአንዴ ይላሉ። ያ ለትልቅ ህብረ ንብና ለሌላ አየር ንብረት የተባለ ነው፤ እዚህ ከእርጥበቱ ጋር ተርፎ ይሻግታል። ከአራት ቀን በኋላ ይዩ። ካለቀ ይድገሙ። ግማሹ ካለ ይጠብቁ። ጨርሶ ካልነኩት ከሦስት አንዱ ነው፦ ወይ ከውጭ ጽጌ ብናኝ እየገባ ነው፣ ወይ ከእጩ ርቋል፣ ወይ ዱቄቱ ሸትቷል። በደጋ እስከ አሥር ቀን ቢቆይ ችግር የለውም፣ ከዚያ በላይ የቆየውን አውጥተው ይጣሉ። ሥራውን ከ11 ሰዓት በኋላ ይሥሩት፤ የሀገራችን ንብ ቁጡ ነው፣ በቀን የተከፈተ ቀፎም የጎረቤት ንብ ይጠራል። ፍርፋሪ መሬት ላይ አይተዉ። ሊጥ ጉንዳን ይስባል፤ የመቆሚያውን አራት እግሮች የተቃጠለ ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ ያቁሙ፣ ከታች ያለውን ሣር ይጨዱ፣ ዙሪያውን አመድ ይነስንሱ።

አሁን ወቅቱ፤ አብዛኛው ስህተት ያለው እዚህ ነው።

ለደጋው፣ ማለትም ለባሶና ወራና፣ ለአንጎለላና ጠራ፣ ለመንዝና ለጣርማበር ከፍታዎች፣ የመጀመሪያው ዙር ከግንቦት 20 እስከ ሰኔ 20 ነው። የዚህ ዙር ዓላማ ንቡን ማብዛት አይደለም። ሰኔ አጋማሽና ሐምሌ መጀመሪያ ላይ የሚፈለፈሉት ወጣት ንቦች ሰውነታቸው በፕሮቲን ተሞልቶ ዝናቡን እንዲያሳልፉ ነው። እንዲህ ያለች ንብ በሆዷ ውስጥ ባለው ስብ ፕሮቲን ታጠራቅማለች። ብዙ እጭ የማሳደግ ሥራ ካልተጫነባት ደግሞ በአበባ ወቅት ከምትኖረው አምስት ስድስት ሳምንት በላይ ትቆያለች። ስለዚህ ጥቂት ጥቂት፣ በሳምንት አንዴ፣ በጠቅላላው ለአንድ ቀፎ ግማሽ ኪሎ ገደማ ይበቃል። ከዚህ ጋር ቀጭን የስኳር ብጥብጥ አይስጡ። ቀጭን ብጥብጥና ሊጥ አንድ ላይ ሲሆኑ ንግሥቲቱ አበባ የመጣ መስሏት እንቁላል ታፈሳለች። ሐምሌ ላይ ያ ሁሉ እጭ ወተት ይፈልጋል፤ እርስዎ ደግሞ በዝናብ ቀፎ መክፈት አይችሉም። በነሐሴ ጥሎ የሚሄደው ብዙ ጊዜ እንዲህ በሰኔ ያለ መጠን ተቀስቅሶ ሐምሌ ላይ የተተወው ነው። ማቆም ሲፈልጉም በአንድ ጊዜ አይቁረጡ፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ጊዜ በግማሽ ይቀንሱ።

ሐምሌን በአብዛኛው ይተዉት። ቀፎውን ከኋላ አንሳ አድርገው ክብደቱን ይመዝኑ፣ በሩን ይዩ፣ ሣር ክዳኑን ያስተካክሉ።

ሁለተኛው ዙር የሚጀምረው ከሐምሌ መጨረሻ ነው፣ ይህኛው ለማብዛት ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። ሠራተኛ ንብ ከእንቁላል እስክትፈለፈል 21 ቀን ያህል ይፈጅባታል፣ ከዚያ ወጥታ ለመቅሰም ሌላ ሦስት ሳምንት ገደማ። መስከረም 15 ላይ አደዩን የምትቀስመው ንብ እንቁላሏ የተጣለው ነሐሴ 8 ላይ ነው። ንግሥቲቱ በዚያ ቀን በደንብ እንድትጥል ደግሞ አሳዳጊዎቹ አስቀድመው መመገብ አለባቸው። ስለዚህ ከሐምሌ 28 ገደማ ጀምረው ዝናቡ ጋብ ባለበት ቀን ሙሉውን መጠን ይስጡ፤ እዚህ ላይ ቀጭኑ ብጥብጥም ይፈቀዳል። አንዴ ከጀመሩ ጽጌ ብናኝ በእግራቸው በብዛት ሲገባ እስኪያዩ አያቋርጡ። ባቄላው ማሳ ላይ ሲያብብና ማጌጥ የሚባለው የመስክ ተክል መስኩን ሲሸፍን ራሳቸው ሊጡን ይተዉታል፤ ያኔ የተረፈውን አንስተው የማር ክፍሉን ይጫኑ። የማር ክፍል እያለ ስኳርም ሊጥም አይሰጥም፣ ማርዎ ውስጥ ይገባል። በዚህ ዙር የጠነከረ ቀፎ መስከረም ላይ መንጋ ለማውጣት ይቸኩላል፤ የንግሥት ጎጆ መጀመሩን በየሳምንቱ ይዩ፣ ቦታም ይስጡት።

የቆላው አቆጣጠር ሌላ ነው። በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ በኩል የሚከብደው ጊዜ በጋውና ከዝናቡ በፊት ያሉት ወራት ናቸው፤ በክረምቱ መጨረሻ በቆሎና ማሽላው ብናኝ ይሰጣል። እዚያ ያለ ሰው ይህን ቀን መቁጠሪያ አይቅዳ፤ ሊጡንም ከአራት ቀን በላይ አያቆይ፣ በሙቀት የቀፎ ጥንዚዛ ይፈላበታል።

ስኳሩን በተመለከተ ለመጀመሪያው ዙር ወፍራም ብጥብጥ፣ 2 ኪሎ ስኳር በ1 ሊትር ውሃ፣ ለሁለተኛው አንድ ኪሎ በአንድ ሊትር። ውሃውን አፍልተው ከእሳት ካወረዱ በኋላ ስኳሩን ያሟሙ። ሎሚ ጨምቆ አብሮ ማፍላት የተለመደ ነው፣ ይተዉት፤ አሲድና ሙቀት ስኳሩን ለንብ መርዛም ወደሆነ ነገር ይለውጡታል። ሞላሰስና ቡናማ ስኳርም አይሆኑም፣ ያስቀምጧቸዋል። መመገቢያው ውስጥ እንዳይሰምጡ ጭራሮ ወይም ደረቅ ሣር ይበትኑ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ማራቸው ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ የሚቆርጡ ከሆነ ቢያንስ ሦስት አራት ሙሉ የማር ፍሬም ከእጩ አጠገብ ይተዉላቸው። ጽጌ ብናኝ ያለበትን እንጀራ ደግሞ በፍጹም አይቁረጡ። ብዙ ሰው ማሩን ሲቆርጥ ያንን ጨምሮ ያወጣውና ኋላ ፕሮቲን ፍለጋ ይወጣል።

ለከርሞ በግቢዎ ዳርና በአጥሩ ላይ ትሪ ሉሰርን የሚባለውን የመኖ ዛፍ ይትከሉ። ደጋውን ይችላል፣ ለከብትም ይሆናል፣ ንቡም ይወደዋል።

ከስድስቱ ቀፎዎች ግንቦት መጨረሻ ላይ ከአራት ፍሬም በታች የሸፈነ ካለ በመመገብ አያድኑትም። የእጩን ክፍል በ34 እና 35 ዲግሪ ለማሞቅ የሚበቃ ንብ የለውም፤ ያለው ጥቂት ንብ ሊጥ ከመብላት ይልቅ እጩን በማሞቅ ነው የሚያልቀው። ደካማዋን ንግሥት አንስተው፣ በሁለቱ መሀል ጋዜጣ አድርገው ከብርቱው ጋር ያዋህዱት። ለክረምት አምስት ብርቱ ቀፎ ከስምንት ደካማ ይበልጣል። ለሁሉም በሩን ሁለት ጣት ያህል እስኪቀር ያጥብቡ፣ ቀፎውን ወደ ፊት ትንሽ ያዘንብሉ፣ ክዳኑ ላይ ሣር ያልብሱ።

ባዶዎቹን ሁለት ቀፎዎች በተመለከተ አሁን መንጋ አያስገቡ። በዚህ ወቅት የሚገኝ መንጋ እንጀራ ሠርቶ፣ ብናኝ አከማችቶ፣ እጭ አሳድጎ ሐምሌን ለመድረስ ጊዜ የለውም። የእርስዎን ሊጥ በልቶ ነሐሴ ላይ ይሄዳል። በውስጣቸው ያለውን አሮጌ ጥቁር እንጀራ ቆርጠው ለሰም ያቅልጡ፤ የሰም ብል እንቁላል የሚጥለው በእሱ ላይ ነው። ነጣ ያለውን እንጀራ አየር በሚያገኝ፣ ብርሃን ባለበት ቦታ ፍሬሞቹን አራርቀው ይስቀሉ። ቀፎውን ከውስጥ በእሳት ነበልባል ለብለብ አድርገው ያድርቁት። ነሐሴ መጨረሻ ላይ በውስጡ ሰም ቀብተው ከፍ ባለ ዛፍ ላይ ይስቀሉት፤ መስከረምና ጥቅምት የመንጋ ወር ነው፣ ከራስዎ ብርቱ ቀፎዎችም ከፍለው መሙላት ይችላሉ።